የጉብታ አዲሱ ካርታ

ከጠዋት ጀምሮ ወንበሬ እሾህ ሆኖብኛል። እነሣለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ የመኪናው ጩኸት ሲገባ መልሼ እዘጋለሁ። ወደ ኮምፒውተሬ ተመልሼ አንዱን ተራራ ትንሽ ከፍ አደርገውና እንደገና ዝቅ አደርገዋለሁ። ተራራው ምንም አላደረገኝም። የሚያቁነጠንጠኝ ስልኬ ላይ ያለው መልእክት ነው፤ «ውሳኔሽን ዛሬ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት አሳውቂን» ይላል።

ሥራዬ መሬት መሥራት ነው። ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ከተማ የሚገነቡበት ጨዋታ አለ፤ መንገድ ይዘረጋሉ፣ ሰፈር ይመሠርታሉ፣ ውሃና መብራት ያስገባሉ። ከዚያ በፊት ግን ተራራውን፣ ወንዙንና ሸለቆውን የሚያዘጋጅላቸው ሰው ያስፈልጋል። የምጀምረው በጥቁርና ነጭ ሥዕል ነው። ነጩ ከፍታ፣ ጥቁሩ ዝቅታ፣ ግራጫው ደግሞ በመሃል ያለው ሁሉ ነው፤ ጨዋታው ይሄን ሥዕል ወደ መሬት ይለውጠዋል። ተጫዋቾቹ «ጉብታ» የሚል ስም አውጥተውልኛል፤ ሜዳ ስለማልወድ ነው። ሜዳ ላይማ ማንም ከተማ ይሠራል። ሰው ትንሽ ላቡ ጠብ ማለት አለበት።

ካርታዎቼን መጀመሪያ የምትጫወተው እናቴ ናት። ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ነች። ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ በዋለችበት ጊዜ እንዳይሰለቻት ብዬ ጨዋታውን አስተማርኳት፤ ዳሌዋ ዳነ፣ ጨዋታው ግን አልለቀቃትም። አሁን በመካከላችን ደንብ አለ። እሷ የመጀመሪያውን ሰፈር ሳትሠራበት አንድም ካርታ ለሕዝብ አይወጣም። እሷ ስትጫወት እኔ ከኋላዋ እቆማለሁ፤ ትንፍሽ ማለት ክልክል ነው።

መልእክቱን የላከልኝ ጨዋታ የሚሠራ ድርጅት ነው። ካርታዎቼን አይተው ወደውኛል፣ ሊቀጥሩኝም ይፈልጋሉ፤ ቢሯቸው ያለው ግን በአውቶቡስ አንድ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ሌላ ከተማ ውስጥ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። «እማ ብቻዋን እንዴት ትሆናለች?» እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ከረምኩ። ባልኩት ቁጥር ሆዴ ይባባል፤ ትንሽም እፎይ እላለሁ።

ከሰዓት በኋላ መነጽሯን እያጸዳች ክፍሌ ገባች።

«ተነሺ፣ ወንበሩን ለባለቤቱ ልቀቂ» አለችኝ።

ካርታውን ከፈተችና ከላይ ቃኘችው። «ወንዟ ታምራለች። ግን ምን ሆነሽ ነው ይሄን ሁሉ ተራራ የቆለልሽው? የዛሬውስ አላበዛሽውም?»

እንደ ደንባችን ከኋላዋ ቆምኩ። ወንዙ ዳር አጠር ያለች መንገድ ዘረጋች፤ ግራና ቀኙን ለመኖሪያ ቤት ከለለች፤ መብራት አስገባች፤ ውሃ ሳበች። ከዚያ የጨዋታውን ሰዓት አስነሣችና እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። አንድም ሰው አልመጣም። አንድም ቤት አልተሠራም።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ለራሷ። መብራቱን አየች፣ ውሃውን አየች፣ ሁሉም ደህና ነው። እኔ ልቤ እዚያ የለም፤ ስልኬን አወጣለሁ፣ አስገባለሁ፣ ወደ መስኮቱ ሄጄ እመለሳለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ላይ ጉንዳን ወጥቶብሻል እንዴ? ቁጭ በይ!»

ተቀመጥኩ። እሷ የካርታውን ጠርዝ ይዛ ዙሪያውን መዞር ጀመረች። አንድ ዙር ጨርሳ ቆመች።

«መንገዱስ?»

«የቱ መንገድ?»

«ከውጭ የሚገባው ነዋ! ሰዉ በምን ይምጣ? በጃንጥላ ይውረድ?»

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። በዚህ ጨዋታ ነዋሪ የሚመጣው ከካርታው ጠርዝ በሚገባ አውራ ጎዳና ነው። ካርታ መሥራት የሚጀምር ሰው ከሁሉ በፊት የሚማረው ይሄንን ነው፤ እኔ ራሴ ስንቱን ጀማሪ በዚህ ተቆጥቻለሁ። አሁን ግን ሸለቆዬን ዙሪያውን በተራራ ዘግቼ፣ መኪና ቀርቶ ፍየል የምታልፍበት ቀዳዳ አልተውኩም።

እናቴ መነጽሯን አወለቀች። «የማታውቂውን ብትስቺ አይገርመኝም። ይሄ ግን አንቺ የምትስቺው አይደለም። ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«ምንም የሚል መልስ ዕድሜ ልኬን አርሜያለሁ። ዜሮ ነው የሚያገኘው። ተናገሪ።»

ተናገርኩ። ድርጅቱን፣ ከተማውን፣ መልእክቱን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። መጨረሻ ላይ «ግን አንቺን ጥዬ አልሄድም» አልኩ፤ አቅፋ የምትስመኝ መስሎኝ ነበር።

ብድግ አለች። «እኔን? ትናንት ገበያ የሄደው ማነው? ቧንቧው ሲፈነዳ ሠራተኛ ጠርቶ ያሠራው ማነው? አንቺማ እንቅልፍሽን ትለጥጪ ነበር! እህቴ ከታች ያለው ፎቅ ላይ አይደለም እንዴ የምትኖረው? እኔን ሰበብ አታድርጊኝ። ፈርተሽ እንደሆነ ፈራሁ በይ።»

ደሜ ፈላ። «አዎ፣ ፈራሁ!» ብዬ ጮህኩ። «እነሱ ተምረው የመጡ ናቸው። እኔ እዚች ክፍል ውስጥ ብቻዬን ጉብታ ስቆልል የኖርኩ ነኝ። ቢስቁብኝስ?»

«ይሳቁ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ክፍል የገባሁት አንዱን እግሬን ጥቁር፣ አንዱን ቡናማ ጫማ አድርጌ ነው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሲበቃቸው ዝም አሉ፣ እኔም ጠመኔዬን አነሣሁ።» ድምጿ ረገብ አለ። «ስንት ሰዓት ነው የሚወጡት?»

«አሁን ሊወጡ ነው።»

«ታዲያ ምን ታይኛለሽ? ጻፊላቸው!»

መስኮቱ ሥር ቆሜ ጻፍኩ። አጠፋሁት፣ እንደገና ጻፍኩት፣ «እመጣለሁ» ብዬ ላክሁት። ስልኩን ኪሴ ሳልከት መልስ መጣ፤ በሚቀጥለው ወር እንደሚጠብቁኝ ይናገራል።

ላሳያት ስዞር ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሳ ተቀምጣለች። እጇ ግን ማውሱ ላይ የለም። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሮጬ ከኋላዋ አቀፍኳት።

«እማ፣ አንቺው ነሽ እኮ ሂጂ ያልሽኝ።»

«ሂጂ አልኩ እንጂ» አለች፣ አፍንጫዋን በመሐረቧ እየጠረገች፣ «ደስ ይለኛል አልኩሽ እንዴ?»