ቀድሞኝ የሄደው ጫማ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካለው አሮጌ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ስወጣ ጫማዬ ሄዷል። አልተሰረቀም፤ ሄዷል።

ስልሳ አንድ ዓመት እዚሁ ከተማ ኖሬ ገብቼበት አላውቅም ነበር። የዚያን ቀንም የገባሁት ጥላ ፍለጋ ነው፤ ምን ያስዋሸኛል። ጠባቂው ጃያንቲ አያቱ ጨርቅ ሊነግዱ ከህንድ የመጡ የድሬ ልጅ ነው። ጫማዬን አስወልቆ በሩ ላይ የተሰቀለውን ደወል አስደወለኝ። የዝሆን ራስ ያለውን የድንጋይ አምላክ አየሁ፣ ምሰሶዎቹን ዳሰስኩ፣ ወጣሁ።

«ጫማዬስ?»

«ሄደ» አለ ጃያንቲ፣ አበባ በክር እየሰካ።

«የት?»

«አቦ፣ እኔ ምን አውቃለሁ! ባለቤቱ እየፈለገ ያልሄደበት ነው የሚሄደው። ያንተማ ሲቸኩል ክሩን እንኳን አላሰረም።»

ወዲያው ገባኝ፤ ተናደድኩም። ታላቅ ወንድሜ ግዛቸው ከደረቁ የደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር ነው የሚኖረው። ለልጄ ሰርግ በካርድ ጠራሁት። ወንድም በካርድ አይጠራም፤ ራስህ ሄደህ፣ ቁጭ ብለህ ነው የምትነግረው። ይህን አጥቼው አይደለም፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። «እግሩ ደጄን ካልረገጠ አላውቀውም» አለ። እኔም «ይቅርብኝ!» አልኩ። ሰባት ዓመት ሆነን። ይናፍቀኛል፤ ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፣ ለጫማዬም ጭምር።

በባዶ እግሬ ደቻቱን ተሻገርኩ። አሸዋው ይፋጃል። የጫማዬ ዱካ ቀጥ ብሎ ይሄድና ሀብሐብ ሻጯ ጋ ሲደርስ ትንሽ ቆሟል። ባዶ እጁን ሰው ቤት አይሄድም፤ ጨዋ ነው።

የግዛቸው ሚስት አስካለ በሩን ከፈተችልኝ።

«ገብቷል» አለችኝ። «ምሳም በልቷል። ሀብሐብ ይዞ ነው የመጣው፤ ካንተ ይሻላል።»

በመጋረጃው ክፍተት አየሁ። ጫማዬ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል። ግዛቸው የልጅነታችንን እያወራለት ይስቃል። ፀጉሩ ነጭ በነጭ ሆኗል።

«ማነው?» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ወንድሙ ነኝ ይላል።»

«ወንድሜማ መጥቷል። እሱም ከፈለገ ይግባ።»

ከፈለገ ይግባ ይባላል እንዴ? ኩራቴ ያዘኝ። «ና» እስኪለኝ ልጠብቅ ብዬ ቆምኩ።

ወደ ታች ሳይ እግሮቼ የሉም። ሁለቱም ገብተው፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ ከጫማዬ አጠገብ ተቀምጠው፣ ግዛቸው አሸዋቸውን በእጁ እያራገፈላቸው ነው። እኔ ገና በራፍ ላይ ነኝ።