ምላጭ ማይክ ጨበጠ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈርተኛው «ምላጭ» ይለዋል፤ ከሚይዘው ምላጭ ይልቅ ምላሱን አይተው ያወጡለት ስም ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ጺሙን ተላጭቶ እስኪነሳ በሳቅ ይፈርሳል። ታዲያ ይኸው ሰው፣ ጉድ ነው መቼም፣ ሕዝብ ፊት ቁም ሲሉት ዱዳ ይሆናል። ታናሽ እህቱ የተመረቀች ለት «ሁለት ቃል በልልኝ» ብትለው ተነሳ፣ ጣሪያውን አየ፣ ላብ አጠመቀው፣ ሽንት ቤት ገባና በዚያው ቀረ። እሷም ቀኑን ሙሉ አኩርፋ ዋለች።

አሁን ደግሞ ልታገባ ነው። አባታቸው በሕይወት ስለሌለ ስለ ቤተሰቡ የሚናገረው እሱ ነው። «ወንድም ጋሼ፣ አደራ፣ እንደዚያን ቀን ጥለኸኝ እንዳትሄድ» አለችው። ይህቺ አደራ እንቅልፍ ነሳችው፤ ከሥራ ሲወጣ ንግግር የሚያለማምዱበት ቡድን ዘንድ ሄዶ ተመዘገበ።

ልምምዱ ሲያዩት ቀላል ነው። አድማጭ ሁሉ እጁን ያነሳል። ተናጋሪው የአንዱን ዓይን እያየ አንድ ሐሳብ ይጨርሳል። ያ ሰው «አዎ፣ ለእኔ ነው የነገረኝ» ካለ ብቻ እጁን ያወርዳል። ከሰልጣኞቹ መካከል ነርሷ ባንድ አፍታ የሁሉንም እጅ አስወረደች። የታክሲ ሹፌሩም እየተንተባተበ ተወጣው። ምላጭ ተነስቶ እንደ ምንም ቢያወራ፣ ቢያወራ፣ አንድ እጅ እንኳ አልወረደለትም።

«ኧረ በፈጠረህ፣ ትከሻዬ ተገነጠለ!» አለ ሹፌሩ።

አሰልጣኟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ለምንድነው ሁሌ ከጭንቅላታችን በላይ የምታየው?» አለችው።

ምላጭ አሰበ። ወቸ ጉድ! ለካ ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ጀርባ ቆሞ፣ መስታወት ውስጥ ካለ ፊት ጋር ነው ሲያወራ የኖረው! ፊት ለፊት ሲያቆሙት ዓይኑ ግድግዳው ላይ መስታወት ይፈልጋል። ይህንኑ ሲነግራቸው ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሱም አብሯቸው ሲስቅ ሳያስበው ዓይን ዓይናቸውን ያይ ነበር፤ እጆች አንድ በአንድ ወረዱ።

የጡረተኛዋ የስልክ ኦፕሬተር እጅ ብቻ ቀረ። እትዬ ፍንክች አላሉም። «እያሳቅከኝ ነው እንጂ እየነገርከኝ አይደለም፣ ልጄ። እህትህ ብሆን ምን ትለኝ ነበር?»

ምላጭ ቀልዱ ሁሉ ጠፋበት። «ያን ቀን የሸሸሁት ኮርቼብሽ ነው» አለ ዓይናቸውን እያየ። «አፌን ብከፍት ላለቅስ ነበር።»

«ታዲያ አልቅሳ!» አሉና እጃቸውን አወረዱ።

የሰርጉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ምላጭ ማይኩን ጨበጠ። ሙሽራዋ ትንፋሿን ውጣ ታየዋለች። እሱም አያት።

«ልጅ ሳለች ፀጉሯን የምቆርጣት እኔ ነበርኩ» አለ። «አንድ ቀን ግራውን ከቀኙ አሳጠርኩትና 'ፋሽን ነው' አልኳት። አምናኝ ትምህርት ቤት ሄደች። ሲስቁባት ደረቷን ነፍታ 'ወንድሜ ነው የቆረጠኝ' ብላ መለሰችላቸው።» እንባው ወረደ፤ አልጠረገውም። ወደ ሙሽራው ዞረ። «አየህ፣ ሰው ከወደደች እንዲህ ነው የምታምነው። ይችን ነው የሰጠሁህ፣ ዕወቅበት!»

አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ምላጭ ግን ሞቅ አለው፤ ሌላ ጨዋታ ጀመረ፣ ከዚያም ሌላ። መድረክ መሪው ቀስ ብሎ ማይኩን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ።

«ቆይ እንጂ ወንድሜ፣ ገና መጀመሬ ነው!»

ሙሽራዋ እንባና ሳቅ እየተናነቃት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ተዉት፣ ይናገር!» ብላ ጮኸች። «ስንት ዘመን የጠበቅኩት ነው!»