የመሪጌታ ስስታም ልጅ

ኮሌጁ እኅቴን አስቻለችን የጠየቃት ሦስት ነገር ነው። ስለ ራስሽ ጻፊ። ከሌሎች አመልካቾች ለይተን አንቺን የምንቀበልበትን ምክንያት ጻፊ። ሰዎች የሚነቅፉብሽን ጠባይ ጻፊ። ፈተናውንማ ብዙው ያልፋል፤ ይህ የጤና ኮሌጅ ግን ከመላው አገር የሚወስደው ጥቂት ሰው ስለሆነ ያለፈውን ሁሉ እንደገና በጽሑፍ ያበጥረዋል።

ነገሩ በ1966 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። አስቻለች ደሴ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ መካነ ሰላም ገብታለች። እኔ ታላቋ ሸዋረግ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ በርበሬና ጨው ስነግድ የኖርሁ ነኝ፤ በማንበብ ግን ማንም አይቀድመኝም፣ በምላስም እንደዚሁ። አባታችን ቤት ተማሪ ስለሚበዛ መጻፊያ ቦታ አጣች። እኔ ቤት በርበሬ የሚለቀምበት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ሰጠኋት። ወደ እንግሊዝኛ ኋላ ትመልሰዋለች፤ መጀመሪያ ባማርኛ ታሰናዳለች። ያሰናዳችውን ቀድሜ ያነበብሁት እኔ ነኝ።

እንዲህ ይላል፦ «እኔ ኃጥእትና አባሲት የሆንሁ፣ ዕውቀት የጎደለኝ፣ በእናንተ ፊት ልቆም የማይገባኝ አስቻለች ተረፈ...»

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኋት።

«ስለ ራስሽ ጻፊ ብለውኝ ነዋ።»

«ኮሌጅ ልትገቢ ነው ወይስ ልትመነኩሺ?»

ወደ ሁለተኛው አለፍሁ። ለምን እንቀበልሽ ለሚለው «ከእኔ የሚሻሉ ብዙዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በቸርነታችሁ...» ብላ ጀምራዋለች። ደሜ ፈላ። አዲስ አበባ ተቀምጦ ወረቀት የሚያገላብጠው ሰውዬ ይህን ሲያነብ ምን ይላል? «እሺ፣ እንዳልሽ፣ የሚሻሉትን እንወስዳለን» ነው የሚል። የሌላው አገር ልጅ አንደኛ ነኝ፣ ጎበዝ ነኝ፣ እንደኔ ያለ አልተፈጠረም እያለ ሲጽፍ የኛዋ በገዛ እጇ በሩን ቆልፋ ቁልፉን ታቀብላቸዋለች።

ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ የቤታችን ነው። አባታችን መሪጌታ ተረፈ ቅኔ ያስተምራሉ፣ ብራናም ይጽፋሉ። ብራና የጻፈ ሰው በመጨረሻው ገጽ ስሙን የሚያወጣው ራሱን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ኃጢአተኛው፣ ደካማው፣ ስሕተቴን ይቅር በሉኝ ይላል። እኛ ንባብ የለየነው በነዚያ ገጾች ነው። ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ሌላ አጻጻፍ መኖሩን አስቻለች ከየት ታውቀዋለች? ወረቀቱን ይዤ አባታችን ዘንድ ሄድሁ።

መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡት። «ምን ጎደለው?» አሉኝ።

«አባ፣ እንዲህ ብላ ከጻፈች እኮ አይወስዷትም!»

«እወቁኝ ብትልማ ነበር የማይወስዷት።»

«እዚያ የሚወሰደው እወቁኝ ያለው ነው!»

«እንዲያ ከሆነ መልካም ሐኪም አያገኙም» ብለው ወደ ቀለማቸው ተመለሱ። ከአባታችን ጋራ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። እሳቸው አይቆጡም፤ እኔ የሁለታችንንም ተቆጥቼ እመለሳለሁ።

እኔን ያንገበገበኝ ልትጽፈው የሚገባ ነገር ስላላት ነው። የሌላትማ ብትሆን ዝም ባልሁ።

የካቲት ላይ መምህራን ሥራ አቁመው ትምህርት ቤት ሲዘጋ አስቻለች ከደሴ መጣች። ያን ሰሞን ከማሻ በታች ካለው ቆላ የተነሣው ረኃብተኛ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ለመግባት በኛ በኩል ይጎርፍ ነበር። መሄድ ያቃተው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይወድቃል። ያገራችን ሰው ደግ ነው፤ ለራሱ ሳይተርፈው ቂጣውንም ንፍሮውንም እያመጣ ያቀርብላቸዋል። እነሱም አግኝተው ነው? ይበላሉ። ከዚያ ሆዳቸው ይነፋል፤ ብዙዎቹ አይነጋላቸውም። ሰዉ «ቀናቸው ደርሶ ነው፣ ጠግበው መሞታቸውም ደግ ነው» እያለ ይቀብራል።

አስቻለች በመጣች በማግስቱ ይህን አየች። ደሴ ባለው መጠለያ ከተማሪዎች ጋራ ስታገለግል አንድ የክሊኒክ ድሬሰር ያስተማራት ነገር ነበር። ብዙ የተራበ ሆድ ባንዴ ከጠገበ ይገድላል፤ ቀጭን አጥሚት በትንሽ በትንሹ ሲሰጠው ነው የሚለምደው። ለሰዉ ተናገረች፣ ማን ይስማት! ስለዚህ ሄዳ የግቢው በር ላይ ቆመች። የመጣውን ቂጣና ንፍሮ እየተቀበለች፣ ካህናቱ የሚመገቡበት ደጀ ሰላም ውስጥ እያስገባች ቆለፈችበት። ቁልፉን የሰጧት አባታችን ናቸው፤ ለዚህስ አመሰግናቸዋለሁ። እዚያው ጥግ እሳት አንድዳ የገብስ አጥሚት አፈላች። በቆርቆሮ ኩባያ ግማሽ እየሰፈረች «ትንሽ ትንሽ፣ ሆድሽ እስኪለምድ» እያለች ማደል ጀመረች። ቆይታ ደግሞ እንደገና ግማሽ።

ይህ ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ ልንገራችሁ። ዓይኑ የጎደጎደ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲለምን፣ እህሉ ከጀርባዋ ተቆልፎ እያለ፣ «አሁን አይሆንም» ትላለች። እኔ አንድ ቀን ላግዛት ሄጄ ፊቴን አዙሬ ሳለቅስ ውዬ ተመለስሁ። የደብሩ ሴቶች የመሪጌታ ስስታም አሏት። የሰው ምጽዋት ቆልፋ ወደ ቤቷ ልታግዝ ነው ተባለ።

ከሁሉም የከፋችው ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። ሕፃን ልጇን አዝላ መጥታ የወደቀች ናት፤ ለመነሣት አቅም የላትም፣ ለመሳደብ ግን አላነሳትም። «ስስታም! ስስታም! እህሉን ለማን ልታኖሪው ነው?» ስትላት ግቢው ሁሉ ይሰማል። አስቻለች ኩባያዋን ይዛ አጠገቧ ትንበረከካለች። «አብሽሪ፣ እታለም። ትንሽ ትንሽ» ትላታለች። ስድቡ እየወረደባት ከኩባያው ጠብታ አይፈስም። ውሎ አድሮ ወድቆ የነበረው ሰው መቆም ጀመረ፤ ቀባሪዎቹም ሥራ ፈቱ። ይቅርታ የጠየቃት ግን አልነበረም፤ ስሟ ብቻ እንዳለ ቀረ። እኔ ከዚያ ወዲህ ታናሼን ሳያት ታላቄን ያየሁ ይመስለኛል።

«ይህን ነው መጻፍ ያለብሽ» አልኋት ከአባታችን ዘንድ ተመልሼ።

«አልጽፍም።»

«ለምን?»

«የሰው ረኃብ መሰላል ነው እንዴ፣ እትዬ? እነሱ ወድቀው እኔ በነሱ ላይ ወጥቼ ኮሌጅ ልግባ?»

አፌን ዘጋችው፤ ይህ ብዙ ሰው የሚችለው ነገር አይደለም። ቢሆንም ዝም ማለት አልወድም። «ካልገባሽ እኮ እዚሁ ከኔ ጋራ በርበሬ መልቀምሽ ነው» አልኋት። «እንዲህ ያለ ዘመን ሲመጣ ደግሞ ደሴ ሄደሽ ድሬሰር ልትጠይቂ ነው?»

ዓይኗ ውኃ አቀረረ። እንደምትፈልገው አውቃለሁ። ከዚያ ግቢ ከወጣች ጀምሮ የምታወራው ስለ ኮሌጁ ብቻ ነበር። የማመልከቻው ጊዜ ሊያልፍ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ደግሞ ኃጥእትና አባሲት ብቻ ነው።

በመጨረሻ ፊቷን ጠራርጋ «ሦስተኛውን እንኳ እመልሰዋለሁ» አለች። «የሚነቀፍብኝን አገር ያውቀዋል።» ብዕሯን አንሥታ «ስስታም ነኝ» ብላ ጻፈች፤ እየጻፈችም ጮክ ብላ አነበበችው።

ይርገዱ ከኋላችን ተቀምጣ በርበሬ ትለቅም ነበር። ካገገመች ወዲህ ጎጃም መሄዱን ትታ ከነልጇ እኔው ዘንድ ነበረች፤ የምንሠራውን እየሠራች የምንበላውን ትበላለች። ከሥራዋ ቀና አለች።

«ማን ነው ስስታም ያለሽ?»

ሁለታችንም ዞረን አየናትና ሳቃችን መጣ። «አንቺ ነሻ!» አልኋት። «ግቢው እስኪሰማ!»

እሷ አልሳቀችም። እጇን ከበርበሬው አራግፋ ወደ አስቻለች ቀረብ አለች።

«እኔማ ብያለሁ። ምላሴን ይቁረጠውና ብያለሁ። እስቲ ስሚኝ፣ እታለም። ባሌን ረኃብ አልገደለውም። መንገድ ላይ ተዝካር ደረስን። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ፈጣሪ ይስጣቸው፣ ንፍሮውን ባንድ ሰፌድ አቅርበው ብሉ ብሉ አሉን። እኔ ይቺ ልጅ አልቅሳብኝ እሷን ሳባብል አልበላሁም። እሱ በላ። ጠገበ። ተመስገን ብሎ ተጋደመ፣ ሆዱን እንደያዘ ቀረ። እኔም ረኃብ ነው የገደለው ብዬ ቀብሬው መጣሁ።» ልጇ ወዳለችበት ዞር ብላ አየች። «አንቺ ስትከለክይኝ ምን እንደምትሠሪ አልገባኝም ነበር። እዚህ ቁጭ ብዬ በርበሬ ስለቅም ነው የገባኝ። ያ ሁሉ ሰው አዝኖልናል፤ የሳሳልን ግን የለም። የሳሳሽልኝ አንቺ ነሽ፣ እናት ለልጇ እንደምትሳሳ። ስስታም ማለቴስ ልክ ነበር፤ ምን እንዳልሁ አላወቅሁም እንጂ።»

ስስት የሚለውን ቃል ዕድሜ ልኬን ስጠራው ኖሬያለሁ። ቆንቋናውንም ስሰድብበት፣ ልጆቼን እሳሳላችኋለሁ ስላቸውም ያው አንዱ ቃል መሆኑን ግን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ደግሞም ቀናሁ፤ እንዲህ አድርጎ መናገር የኔ ሥራ ነበር።

አስቻለች ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች። «ስስታም ነኝ» የሚለውን አልሰረዘችውም። ከሥሩ ስለ ይርገዱ ባልና ስለ ንፍሮው፣ ስለ ተቆለፈው በርና ስለ ኩባያው ጻፈች፤ ይርገዱም «የባሌንም ስም ጨምሪ፣ ቢተው ነው የሚባል» እያለች አጠገቧ ቆመች። ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሰው ተቸገረች። መዝገበ ቃላቱ ለቆንቋናው አንድ ቃል አለው፣ ለእናቲቱም ሌላ፤ ሁለቱን ባንድነት የሚይዝ ግን የለውም። መዝገበ ቃላቱን ዘግታ ቃሉን በፊደላችን እንዳለ አስቀመጠችውና «ይህን ቃል በዚህ ቋንቋ አላገኘሁትም፤ እኛ ዘንድ ግን ሰው የዳነው በእሱ ነው» ብላ ጻፈች። ለምን እንቀበልሽ ለሚለውም አጭር መልስ ሰጠች፦ «ድሬሰሩ ያስተማረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የቀረውን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

አባታችን ባማርኛ የተጻፈውን ሲያነቡ ቆዩ። ብዕራቸውን ቀለም ነክረው ኃጥእትና አባሲት የሚለውን ራሳቸው ሰረዙት። እኔ ዓይኔን አላመንሁም።

«ይህን የምንጽፈው ጸሐፊው ከመጽሐፉ እንዳይቀድም ብለን ነው» አሉ። «እሷ ሴቲቱን አስቀድማለች። ይበቃል።»

ክረምት ስለነበር መኪና መካነ ሰላም አይገባም። አባታችን ወረቀቱን በሰም ጨርቅ ጠቅልለው፣ በቅሏቸውን አስጭነው፣ በከላላ አድርገው መኪና እስከሚደርስበት ደጎሎ ድረስ ሄዱ። በዚያ ጭቃና በዚያ የወንዝ ሙላት! ደሴ ለሚወርድ የጭነት መኪና ሾፌር በእጁ ሰጥተውት ተመለሱ፤ ካባቸው ከምን እንደተሠራ አይለይም ነበር። «እወቁኝ አላልንም» አሉኝ ከበቅሎ ሲወርዱ፣ «ይድረስ አልን እንጂ።» እግራቸውን አጠብሁላቸው፤ አልተከራከርሁም።

መስከረም ላይ ንጉሡ ወረዱ፤ ሬዲዮ ያለው ቤት ሁሉ በሰው ተጣበበ። ኅዳር ላይ ከኮሌጁ ደብዳቤ መጣ። ተቀብለንሻል ይላል። ተማሪ ሁሉ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ስለሚወጣ ግን ቦታሽ እስክትመለሺ ይጠበቅልሻል ይላል። ስለ ጽሑፉ አንዲት ቃል የለበትም። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ብዬ ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁ። አስቻለች ከእጄ ወስዳ ለይርገዱ ሰጠቻት። ይርገዱ ፊደል አትለይም፤ ቢሆንም ደብዳቤውን ብዙ አየችውና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ደርቆ መኪና ገባ። አስቻለችን ለዘመቻው ልንሸኛት ወጣን። አባታችን ባርከዋት፣ እኔም ምክር ብቻ ሳይሆን ቁጣም አስይዣት፣ ጭነቱ ላይ ተሳፈረች። በመጨረሻ ይርገዱ ስንቅ ይዛ ደረሰች። ዳቦ ቆሎ ነው፤ በአንድ ከረጢት አልሞላችውም፣ በብዙ ትንንሽ ጨርቅ ቋጥራዋለች። እያንዳንዱን ቋጠሮ በዚያችው የቆርቆሮ ኩባያ ግማሽ ስትሰፍር ጠዋት አይቻታለሁ። አንድ በአንድ ታቀብላት ጀመር።

አስቀድሞ የተሳፈረ በርኖስ የለበሰ ሰውዬ ቋጠሮዎቹን አይቶ ሳቀ። «ምነው እመት፣ ለሩቅ መንገደኛ ስንቅ እንዲህ ይቆነጠራል? ስስታም ነሽ እንዴ?»

አስቻለች ቋጠሮዎቹን እቅፏ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ይርገዱ የመጨረሻውን እጇ ላይ አስቀመጠችላትና «ትንሽ ትንሽ ብዪ» አለቻት። ከዚያ ወደ ሰውዬው ቀና አለች።

«አዎን» አለችው። «እሳሳላታለሁ።»