ሰማያዊው ጋዋን

«መጡ፤ ጓዳ ግቢ» አለች እናት በመስኮት እያየች። «እሱስ ሞተ፤ አንቺ ደግሞ ቁመሽ አትሙቺ።»

ልጅቷ አልተነሣችም። ደጅ ላይ ከመኪና የሚወርዱት የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ናቸው፤ የመጡት ግን እሷን ሊያጽናኑ አይደለም። ሃያ ዓመት ቢሯቸውን ሲጠርግላቸው ኖሮ ከትናንት በስቲያ የተቀበረውን ሽማግሌ ሚስት ሊያስተዛዝኑ ነው። ሴት ልጁ አብራቸው እንደምትሠራ አንዳቸውም አያውቁም። እንዴት ብለው ይወቁ? ስትቀጠር በሞላችው ቅጽ ላይ፣ «አባት» በሚለው ፊት ለፊት፣ «በሕይወት የለም» ብላ ጽፋለች።

ያጻፋት ራሱ አባቷ ነው። ከእሷ በፊት የዘበኛው ልጅ ዲፕሎማዋን ይዛ ብትመጣ፣ ኃላፊው «የዘበኛ ልጅ ከእኛ እኩል ልትቀመጥ?» ብሎ ስቆ ሲመልሳት፣ አባት መጥረጊያውን እንደያዘ ሰምቷል። ቤት ገብቶ፣ «ሞቷል በይ» አላት። «አንቺ ሰው ከሆንሽልኝ እኔ ሞቼም አልሞትኩ።»

ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየተራ አውቶቡስ እየተሳፈሩ፣ ቢሮ ውስጥ እንደ ባዳ ኖሩ። በሯን ሁለቴ መታ መታ አድርጎ «ልጥረግ?» ይላል፤ ከወረቀቷ ቀና ሳትል ትፈቅድለታለች። ልማድ ክፉ ነው፤ አንድ እሑድ የገዛ ቤቱን በር አንኳኩቶ «ልጥረግ?» ብሏት እርፍ። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እናት ግን አልሳቀችም።

ጉድ እኮ ነው። አባቷ በወረቀት ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነውና የሐዘን ፈቃድ እንኳ መጠየቅ አልቻለችም፤ «አሞኛል» ብላ ነው የቀረችው። ውሸቷ ቢታወቅ ትባረራለች፤ የቤቱ ኪራይም የእናቷ መድኃኒትም በእሷ ደሞዝ ነው። የቤቱን አባቷንስ ጠግባዋለች። የናፈቃት የቢሮው ነው፤ ባልዲውን ይዞ በኮሪደሩ ሲያልፍ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ሰው እየሰማ «አባዬ» ብላ ብትጠራው ኖሮ።

እንግዶቹ ገቡ። ኃላፊው አይቷት፣ ታማም ለሐዘን መምጣቷን አመስግኖ አጠገቡ ቦታ ለቀቀላት። ሄዳ ከጎኑ ተቀመጠች። ሟቹ ታታሪ ነበር፣ ትሑት ነበር ተባለ።

«ልጅ አላቸው?» አለ ኃላፊው።

«አልሰጠንም» አለች እናት፣ ልጇን ሳታይ።

ይሄኔ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ሰዓቱ እንዳልሆነ ቢያውቅም፣ የመሥሪያ ቤቱ ጋዋን መመለስ እንዳለበት አነሣ። እናት ጋዋኑ ወደተሰቀለበት ምስማር አመለከተች።

ልጅቷ ቀድማ ተነሥታ ሰማያዊውን ጋዋን አወረደችው። የሳሙናው ሽታ ገና አለቀቀውም። ሰውዬው አጣጥፋ የምትሰጠው መስሎት እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ለበሰችው። ወንበሯን ከእንግዶቹ መሀል አንሥታ ከእናቷ ጎን አኖረችና ተቀመጠች።

«አባዬ ነው» አለች። «ሰኞ ራሴ ለብሼው እመጣለሁ።»

ጋዋኑ ሰፍቷት እጅጌው ጣቶቿን ሸፍኗል። እናቷ እጇን ሰደደችና እጅጌውን ቀስ አድርጋ ትጠቀልልላት ጀመር።