በከንቱ የተሰጠ አፋፍ

የሺወርቅን የማያውቅ ሰው ደባርቅን አያውቅም ቢባል ውሸት የለበትም። ሻይ ቤቷ መናኸሪያው በር ላይ ናት። ሊማሊሞ ላይ መኪና ተበላሽቶ መንገድ ተዘጋ በተባለ ቁጥር መንገደኛው ሁሉ እሷ ዘንድ ይራገፋል። እሷ ደግሞ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ የሚቆዝም ሰው ማየት አትወድም። «ተነሥ እንጂ! ደባርቅ ድረስ መጥተህ የአውቶቡስ ጎማ ስታይ ልትውል ነው?» ትልና ሻይ ቤቱን ለልጇ ለሃና ጥላ ሰውየውን ይዛ ትወጣለች።

«እዚህ ደግሞ ምን የሚታይ አለ?» ካለ አለቀለት። ቅዳሜ ከሆነ በገበያው መሀል ታሳልፈዋለች፤ የጃናሞራ ገብስ ከወገራ ገብስ በምን እንደሚለይ ሳይጠይቃት ትነግረዋለች። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ያረጁት ጽዶች ሥር አስቀምጣ የአብነት ተማሪዎቹን ዜማ ታሰማዋለች። በመጨረሻ ከከተማው ወጣ ብላ አፋፉ ላይ ታቆመዋለች። እዚያ መሬቱ ያልቃል። ከታች የሊማሊሞ መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ገደሉ አፍ ላይ ሣር እየነጩ ለማንም ደንታ የላቸውም። መንገደኛው አፉን ከፍቶ ይቀራል። ያን ጊዜ የሺወርቅ ገደሉን ራሷ የሠራችው ይመስል ትኮራለች። «ስንት ልክፈል?» ያለም እንደሆነ መልሷ አንድ ነው፤ «እግዜር ለሠራው እኔ ልቀበል? ሂድ ወዲያ!»

አፋፉን የምትወድበት የራሷ ምክንያትም አላት። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ልጅ ሳለች እዚሁ ቆማ ሰማያዊ መኪናው ከሥር እያጓራ እስኪወጣ ትጠብቀው ነበር። መጨረሻው ኩርባ ላይ ሲደርስ ጥሩምባውን ይነፋላታል። አባቷ ካረፈ ቆየ፤ ዛሬም ግን ከዚያ ኩርባ ጥሩምባ ሲሰማ ልቧ ድንግጥ ይላል።

ታዲያ አንዱዓለም የሚባለው ባለሆቴል አፋፉን አጥሮ ሎጅ ሊሠራበት፣ ተመልካቹንም በቲኬት ሊያስገባ መጠየቁን ስትሰማ ቆሽቷ አረረ። ቦታው የሰፈሩ የወል ግጦሽ ስለሆነ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰፈሩ ተሰብስቦ ይምከርበት ተባለ። «አባቴን የጠበቅሁበት ቦታ ለመቆም ቲኬት ልቆርጥ? በቁሜማ አይሆንም!» አለች።

ብላም አልቀረች፤ ከስብሰባው በፊት ታፔላ ላቁም ብላ ጣውላና ቀለም ይዛ የአብነት መምህሩ የኔታ መልከ ጼዴቅ ዘንድ ሄደች። እንደ እሳቸው ፊደል የሚያሳምር በአገሩ የለም።

«የኔታ፣ አፋፉን ማየት ነፃ ነው ብለው ይጻፉልኝ።»

«ነፃማ አልልም» አሉ የኔታ ረጋ ብለው። «ነፃ የሚባለው ታስሮ የተፈታ ነው። ሜዳው መቼ ታስሮ ያውቃል?»

«እንግዲያ እርስዎ እንዳወቁ ያድርጉት።»

የኔታ ጻፉ። የፊደሉ ማማር! የሺወርቅ ቁመናውን እያየች ስትደመም ምን እንደሚል ልብ ሳትል ወስዳ ተከለችው። «ይህ አፋፍ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ በከንቱ ተሰጥቷል» ይላል።

በማግስቱ ቅዳሜ በዚያ የሚያልፈው ገበያተኛ ታፔላው ሥር ቆሞ በሣቅ ፈረሰ። ለየኔታ «በከንቱ» ማለት ያለ ዋጋ፣ እንዲያው በጸጋ ማለት ነው፤ ዕድሜውን ከግዕዝ ጋር የኖረ ሰው ሌላ ምን ይበል? ለገበያተኛው ግን ከንቱ ያው ከንቱ ነው፤ እርባና ቢስ። ወይ ጉድ! የሺወርቅ ሲነገራት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ነቅላ ልትጥለው አሰበችና የኔታን ማሳፈር መስሎ ታያት፤ ተወችው።

እሑድ ሰፈርተኛው እዚያው ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ሽማግሌው አያ ላቀው ሰብሳቢ ሆኑ። አንዱዓለም ተነሥቶ ወደ ታፔላው ጠቆመ።

«እኔ ብዙ አልናገርም። እትዬ የሺ ራሷ ከንቱ ብላ ለጥፋበታለች። እውነቷን ነው፤ ይህ ቦታ ከንቱ ነው! ለማንም አይረባም!»

ሰው ሣቀ። የኔታ አንገታቸውን ደፉ። የሺወርቅ ይህን ስታይ ዕፍረቷ ጥሏት ጠፋ፤ ነጠላዋን አጣፍታ ብድግ አለች።

«አንዱዓለም፣ ለማንም አይረባም ነው ያልከው?»

«ታፔላሽ ነው ያለው።»

«የታፔላውን ተወው። አንተስ?»

«እኔም ብያለሁ።»

«ሰማችሁ አይደል?» አለች ወደ ሰዉ ዞራ። «እንግዲያ ለማንም የማይረባውን ምን ልትሆን ታጥረዋለህ? ቆሻሻ ገንዳ አጥሮ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው አይተን አናውቅም!»

ሜዳው በሣቅ ተናጋ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ አንዱዓለም ተንተባተበ። «ማለቴ… ቪው አለው። ፖቴንሻል አለው እኮ…»

«አየህ! ቪው አለው። ቪውውን የሠራኸው አንተ ነህ?» አለችና ድምጿ ድንገት ለሰለሰ። «ስማኝ ወንድሜ። የኔታ ልክ ጽፈዋል፤ ያለ ዋጋ ነው የተሰጠን። እኔ እዚህ ቆሜ አባቴን ስጠብቅ ማንም ቁረጪ አላለኝም። አንተንም እናትህ አዝላህ አጠገቤ ትቆም ነበር። አባትህ አሻግሬ የአባቴ ረዳት ነበር፤ ረሳኸው? ያ ጥሩምባ ለእኔ ብቻ አልነበረም የሚነፋው። ለአንተም ነበር።»

አንዱዓለም መነጽሩን አውልቆ ወደ ገደሉ ሲያይ ቆየና ቁጭ አለ። አያ ላቀው ዙሪያውን ቃኙ፤ የተቃወመ የለም። አፋፉ እንዳለ ይቆይ፣ አንዱዓለምም ሎጁን በገዛ ቦታው ላይ ይሥራ ተባለ፤ እልል ተባለ።

የኔታ «ልጄ፣ ታፔላውን ላርመው» ቢሏት የሺወርቅ እምቢ አለች። ይኸው ዛሬ የባጃጅ ሾፌሮች መናኸሪያው በር ላይ «ከንቱ! ከንቱ! አንድ ሰው!» እያሉ ይጣራሉ፤ እንግዳውም እየሣቀ ይሳፈራል።

በቀደም የሺወርቅ መንገደኞች ይዛ ስትደርስ አንዱዓለምም የሆቴሉን እንግዶች ይዞ አፋፉ ላይ ቆሟል። ከእንግዶቹ አንዱ ኪሱን እየዳበሰ «መግቢያው ስንት ነው?» አለው።

አንዱዓለም የሺወርቅን አየት አድርጎ ፈገግ አለ። «ከንቱ ነው» አለ።

ይህን ጊዜ ከታች፣ ከመጨረሻው ኩርባ ላይ፣ የጭነት መኪና ጥሩምባ ተነፋ። ሁለቱም እኩል ዞር አሉ።