ከጉንጭ የተወሰደ

መሪጌታ አሥራተ ማርያም መሽናት ካስቸገራቸው ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። መጀመሪያ የብልታቸው ጫፍ ነጣ፤ ከዚያ እንደ ደረቀ ቁርበት ከረረ፤ ኋላ ቀዳዳው ጠበበ። ከማኅሌት መሀል እየወጡ ሲዘገዩ ደብተራዎቹ ሆዳቸውን አሟቸው ነው ይሉ ነበር። ለባለቤታቸው ለወለተ ሰንበት እንኳ የነገሯት፣ በዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ሽንታቸው ጨርሶ በቆመ ዕለት ነው።

ሰቆጣ ያሉ ሐኪሞች ከእምብርታቸው በታች በስተው ቱቦ አስገቡላቸውና ወደ መቀሌ ላኳቸው። እዚያ ዶክተር ምትኩ መረመራቸው።

"የቆዳ በሽታ ነው፤ አይተላለፍም። ወደ ውስጥ ገብቶ የሽንት ቧንቧዎን አጥብቦታል። ከሌላ ቦታ ስስ ሥጋ ወስጄ አሰፋዋለሁ።"

"ከጭኔ?"

"የጭን ቆዳ ያው ቆዳ ነው፤ በሽታው እዚያም ይከተለዋል። ከጉንጭዎ ውስጥ ነው የምወስደው። እርጥበት የለመደ ነው።"

መሪጌታ ጉንጫቸውን ያዙ። "ዜማዬስ?"

"ድምፅ ከጉሮሮ ነው። ጉንጭዎ ቶሎ ይድናል።"

"ታዲያ ምን ይጠብቃሉ? ይፈርሙ እንጂ" አለች አብራቸው የመጣችው ወለተ ሰንበት።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ፊታቸው አብጦ ሰነበተ፤ ቀዝቃዛ አጥሚት ብቻ ይጠጡ ነበር። በአምስተኛው ቀን ብርድ ልብስ ተከናንበው አንድ ዜማ ሞከሩ። ድምፃቸው አለ። ከዚያ ወዲያ ቀን መቁጠር ሆነ ሥራቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ነርሷ በቀዶ ጥገናው ጊዜ በብልታቸው የገባውን ቱቦ አወጣች፤ የሆዳቸውንም ቱቦ ለሙከራ ዘጋችና ውኃ አብዝተው እንዲጠጡ አዘዘች። ሽንታቸው ሲመጣ እየተጣደፉ ወደ መጸዳጃ ቤት ገቡ። ያቃጥለኛል ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ለበለባቸው፤ ከዚያ ግን ቀጥ ብሎ፣ ሳይቆራረጥ፣ ድምፅ እያሰማ ወረደ።

ወለተ ሰንበት ከበሩ ውጭ ቆማለች። "መሪጌታ፣ ቧንቧ ከፈቱ እንዴ?"

"አዎን፣ የራሴን" አሉ፤ ሳቃቸው አላስጨርስ አላቸው።

ከጥቂት ቀን በኋላ የሆዳቸውም ቱቦ ወጣ። ዶክተር ምትኩ ለቆዳው የሚቀቡት ቅባት ሰጣቸው፤ በሽታው ሊመለስ ስለሚችልም በየሦስት ወሩ እንዲመጡ አስጠነቀቃቸው። መሪጌታ ግን ወደ ሰቆጣ የሚመልሳቸውን አውቶቡስ እያሰቡ ግማሹን ብቻ ነው የሰሙት፤ ሌላውን ወለተ ሰንበት ያዘችላቸው።

ከኮረም አለፍ እንዳሉ ሾፌሩ መኪናውን አቆመ። ወንዶቹ ለመሽናት ወርደው በየቁጥቋጦው ተበተኑ። ከሁሉ ቀድመው ጨርሰው ወደ መቀመጫቸው የተመለሱት መሪጌታ ነበሩ።