ምን ይሰማሻል?

የእኔ ፊሽካ ሆሳዕና ላይ ሲነፋ ሌላ ወረዳ፣ ፎንቆ ገበያ የቆመ በሬ ጆሮውን ያቆማል። ሆመቾም ይሰማል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ማጋነን ስለማልወድ ፎንቆ ላይ አበቃለሁ። በዚህች ከተማ ቲቸር አጵሎስ በፊሽካ ያላሰለፈው ሰው የለም። ዛሬ ቢሮ ተቀምጠው ማህተም የሚመቱት ሁሉ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ሳይታወቃቸው ደረታቸውን ነፍተው ቀጥ ይላሉ።

ዘንድሮ ታዲያ ጣቢታ የምትባል፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ዓመት ያልሞላት የስፖርት አስተማሪ መጥታ ሜዳዬን ተካፈለችኝ። ይዛ የመጣችው አንድ ታብሌትና የእጅ ማሰሪያዎች ነው። ማሰሪያው በየልጁ እጅ ታስሮ የልብ ምቱን ይለካል። ታብሌቱ ደግሞ «አሁን ምን ይሰማሻል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ልጆቹ በድምፃቸው ይመልሱለታል። ስሜታቸውን ለማወቅ ነው አሉ። ልጆቹ እየተጋፉ ወደ እሷ! እኔ ጋ የቀረው ኳሱ ብቻ ነበር፤ እሱንም ነፋስ ወደ እሷ ሲያንከባልለው በዓይኔ አየሁ። ድብን አልኩ።

ይባስ ብሎ ዳይሬክተራችን ናስረዲን፣ «ሙኒራን ያስሮጠ ለትምህርት ቤቶች ውድድር የሩጫ ቡድናችንን ይዞ ይሄዳል» አለን። ሙኒራ የአራተኛ ክፍል ልጅ ናት። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትመጣ ባጃጅ ትቀድማለች፤ ሜዳ ስትገባ ግን አጥር ሥር ቁጭ ብላ ሣር ትነጫለች። ያንን ቡድን ደግሞ ከእኔ ሌላ ማንም መርቶት አያውቅም።

በማግስቱ ቀድሜ ሜዳ ወረድኩ። «ሙኒራ! ተነሺ!» ብዬ ፊሽካዬን አስጮህኩት። አጥሩ ላይ ተለጠፈች። ጣቢታ ቀስ ብላ አጠገቧ ቁጭ አለችና ታብሌቱን ሰጠቻት። «አሁን ምን ይሰማሻል?» አለ ታብሌቱ።

ሙኒራ አሰብ አደረገች። «ፊሽካ።»

«በይ! ስሜቷ እኔ ነኝ!» ብዬ ሳቅሁ።

ጣቢታ ግራ ገባት። የሌሎቹን መልስ መልሳ ከፈተችው፤ አንዱ «ዶሮ»፣ አንዷ «ባጃጅ» ብለዋል።

«አንቺ ልጅ፣ እነዚህ እኮ ቤታቸው የሚያወሩት ሀዲይኛ ነው» አልኳት፤ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ። «‹ይሰማሻል› ስትያቸው ጆሯቸውን ነው የጠየቅሻቸው። ይህን ለማወቅ ታብሌት አያስፈልግም፤ አጵሎስ ይበቃል!»

ትቆጣለች ስል ሳቀች። «አልታየኝም ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ግን ይህን ይዩልኝ፤ ፊሽካዎ በተነፋ ቁጥር የልብ ምቷ እንዲህ ነው የሚዘለው።»

«በፍቅር ነዋ!»

«እስቲ በሀዲይኛ ይጠይቁልኝ።»

ጎንበስ ብዬ በቋንቋችን ጠየቅኋት። ሙኒራ ዓይኗን ከፊሽካው ሳታነሳ አንሾካሾከች፤ ሲጮህ ልቧ ድንግጥ ይላል፣ የተቆጣኋት ይመስላታል።

«ምን አለች?» አለች ጣቢታ።

«ፊሽካው በጣም ኃይለኛ ነው አለች።» አልዋሸሁም።

ፊሽካዬን አውልቄ ኪሴ ከተትኩት። የፎንቆ በሬዎችም ትንሽ ይረፉ። ከዚያ ጣቢታ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ከሙኒራ ጋር መስመሩ ላይ ቆመች፤ እጇን አነሳች፣ ያለ ድምፅ አወረደችና አብራት ሮጠች። ሙኒራ ተፈተለከች! አቧራው እንኳ አልደረሰባትም። ልጆቹ እያጨበጨቡ፣ «ቲቸር ጣቢታ! ቲቸር ጣቢታ!» እያሉ ከበቧት። ናስረዲንም ከቢሮው በር ላይ ሆኖ አውራ ጣቱን ቀሰረላት፤ ለእኔ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ያልቀሰረውን ጣት።

ጣቢታ እያለከለከች ታብሌቱን ወደ አፌ አስጠጋች። «ጋሼ፣ እርስዎስ? አሁን ምን ይሰማዎታል?»

ውስጤ እንደ ፍም ይንቀለቀላል። ደግነቱ እኔም ቤቴ የማወራው ሀዲይኛ ነው።

«ጭብጨባ» አልኳት።

ጭብጨባው ለማን እንደሆነ ታብሌቱ አይጠይቅም።